ከአድራሻው በፊት የሚጠየቀው

ይህን የምጽፈው ከሁለት የኪስ ማስታወሻ ደብተሮችና ከራሴ ትዝታ ተነሥቼ ነው። የደንበኞች ፋይሎች ጊዜያቸው ሲያልፍ በሕጉ መሠረት ተወግደዋል። ደብተሮቹ በምሕጻረ ቃል የተሞሉ ስለሆኑ አንዳንዱን ዛሬ እኔው ራሴ መፍታት ያቅተኛል። ትዝታዬ ደግሞ ጥፋቴን የማሳነስ ልማድ አለው። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እርግጠኛ አይደለሁም እላለሁ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ።

በታሪክ ዶክትሬቴን ይዤ በዩኒቨርሲቲ ቦታ ባጣሁ ጊዜ፣ በፍራንክፈርት ኖርድኤንድ ሠፈር ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለ የግል ምርመራ ቢሮ ሰነድ ማገላበጥ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር። የቢሮው ባለቤት ፍራው ሌማን፣ ወይዘሮ ሌማን እንደ ማለት ነው፣ የቀድሞ ፖሊስ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ቅጽ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ክፍት ቦታ «ምክንያት»፣ ሁለተኛው «ማስረጃ» ይላል።

«ደንበኛው ማንን እንደሚፈልግ ከመናገሩ በፊት ለምን እንደሚፈልግ ይናገር» አሉኝ። «ምክንያቱን ካላስረዳ ውሃውን ጠጥቶ ይሂድ።»

ደንበኞች አዘውትረው የሚጠይቁን «ፈቃድ አላችሁ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚያሳርፍ አይደለም። በዚህ አገር «መርማሪ» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ አይደለም። ንግዱን ያስመዘገበና የወንጀል መዝገቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ከፖሊስ ሥልጣን አንዱም የለንም፤ ሰው ቤት ሰብረን አንገባም፣ ንግግር በስውር አንቀዳም፣ መኪና ላይ መከታተያ አንለጥፍም። ይህን ሁሉ አደርጋለሁ የሚላችሁ መርማሪ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ዮናስ የምለው ሰው ወደ ቢሮው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ፀጉሬ ከሸበተ ወዲህ፣ ከጋሼ ተሰማ ጋር ነበር። ጋሼ ተሰማ በፍራንክፈርት ያለውን የእኛን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ፣ እኔም የማከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«ፈቃድ አለዎት፣ ዶክተር?» አለኝ ዮናስ። የንግድ ምዝገባችንን አሳየሁት፤ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«የምፈልገው እህቴን ነው። ሂሩት ትባላለች። እናታችን አገር ቤት በጠና ታማለች።»

የዝምድና ማስረጃ ልጠይቅ ስል ጋሼ ተሰማ እጃቸውን አነሡ። «እኔ ይዤው መጥቼ ደግሞ ወረቀት? እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ ዶክተር!»

አፈርኩ። «ማስረጃ» በሚለው ቦታ ላይ የጋሼ ተሰማን ስም ጻፍኩ። ዮናስ የእኔን ወረቀት አየ፤ እኔ የእሱን አላየሁም።

ለነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ ጥያቄ ላክን። መረጃ መስጠት አይቻልም የሚል መልስ መጣ፤ አለችም አይልም፣ የለችም አይልም። ፍራው ሌማን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እንዲህ ያለ መልስ የሚመጣው ሰው ሳይገኝ ሲቀር ነው፤ ወይም ለደኅንነቱ ሲባል አድራሻው ለማንም እንዳይሰጥ ሲቆለፍ። ማስረጃው የት አለ?»

«ሽማግሌው አሉ» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ሰነድ አይደለም፣ ሄር ዶክቶር።» ሴትየዋ ብትገኝ እንኳ እሷ ሳትጠየቅ ለማንም ምንም እንዳይነገር አዘዙኝ።

ሂሩትን ለማግኘት ሁለት ቀን በቃኝ። ሳክሰንሃውሰን ሠፈር በምግብ ቤት ኩሽና የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ጋ በእረፍታቸው ሰዓት ሄድኩ። ገና ሲያዩኝ ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ።

«ሂሩትን ነው አባባ? ኡንተርሊደርባህ ሠፈር፣ አረጋውያን ቤት አይደል እንዴ የምትሠራው!» አለ አንዱ።

«ይሄን ሳምንት የጠዋት ተረኛ ናት፤ ከሰዓት ትወጣለች» ሲል ሌላው ጨመረ።

«አባባ ሊድሯት ነው መሰለኝ፤ እኔንም ያስቡኝ!» አለ ሦስተኛው፤ ተሳሳቁ።

ከዚያ ወጥቼ ትራም ስጠብቅ ለጋሼ ተሰማ ደውዬ መገኘቷን ነገርኳቸው። እናት ታማ የምሥራች ማቆየት ነውር መስሎ ታየኝ። የፍራው ሌማን ትእዛዝ ጠፍቶኝ አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በአረጋውያኑ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። አንዲት ሴት ከሥራ ስትወጣ አይታኝ ቀረበች።

«አባባ፣ ሰው እየጠበቁ ነው? ብርድ ላይ ቆመዋል እኮ፤ ገብተው ይቀመጡ።»

ስሟን ጠየቅኳት፤ ሂሩት ነበረች። ማንነቴንና ወንድሟ እንደላከኝ ነገርኳት።

«ወንድሜ? አባቴ የወለደው እኔን ብቻ ነው።»

የዮናስን መልክ ስነግራት ዞር ብላ መንገዱን ቃኘች። ባሏ ነበር። ከእሱ ሸሽታ ከሌላ ከተማ መምጣቷን ነገረችኝ፤ እንዳይቀርባት የሚከለክለውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ በስልኳ ላይ አሳየችኝ። አድራሻዋንም ያስቆለፈችው ከእሱ ለመሰወር ነው።

«እዚህ መሆኔን ማን ነገረዎት?»

«የጠየቅሁት ሁሉ።»

«ለእሱ ቢሆን አንዳቸውም አይነግሩትም ነበር። ለእርስዎ ግን ነገሩዎት።» ቀጥላ «ለሌላ ሰው ተናግረዋል?» አለችኝ።

ስለ ስልኩ ነገርኳት። የሠፈሩን ስም ጠርቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አልጠራሁም መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይበቃኝም፣ አባባ።»

በማግስቱ ጠዋት ዮናስና ጋሼ ተሰማ ቢሮ መጡ። ፍራው ሌማን አጠገቤ ቆመው ነበር።

«አድራሻዋን አልሰጥም፤ ውሉም ፈርሷል» አልኩ።

«በእኔ ሽምግልና ታላግጣለህ እንዴ?» አሉ ጋሼ ተሰማ።

ዮናስ ጠረጴዛውን መታ። «ሚስቴ ናት! የት እንዳለች ማወቅ መብቴ ነው!»

ጋሼ ተሰማ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። «እህቴ አላልከኝም?» በጣታቸው በሩን አመለከቱ። «ውጣ!» አሉት። ፍራው ሌማን በሩን ከፈቱለት። ጋሼ ተሰማ ግን ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ጉዳዩን በሂሩት ፈቃድ ለፖሊስ አሳወቅን። እሷም በዚያው ሳምንት ሥራዋን ለቅቃ ከተማውን ተወች።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የማንንም ቃል በሰነድ ቦታ አልተቀበልኩም። መርማሪ ልትቀጥሩ ስትሄዱ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የምዝገባ ወረቀት ይልቅ ምክንያታችሁን በማስረጃ ይጠይቃችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። እናንተን ያልጠየቀ መርማሪ፣ ነገ እናንተን የሚፈልገውንም ሰው አይጠይቅም።

በደብተሬ የዚያ ቀን ገጽ ላይ «ለጋ.ተ. ተደወለ፤ ተገኝታለች» የሚል ብቻ ሰፍሯል። ጋሼ ተሰማን ከማረፋቸው በፊት ስጠይቃቸው፣ የሠፈር ስም የሰሙ እንደማይመስላቸው፣ ግን እንደማይምሉ ነገሩኝ። በዚያ ስልክ ላይ «ኡንተርሊደርባህ» ማለት አለማለቴን እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።