ዓሣው የማን ዘር ነው?

የያዙኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ስቀበል ነው።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ለብዙ ዓመታት ያጠናሁት የዓሣን ሽል ነው። ሽሉ ገና ከአሸዋ ቅንጣት በማይበልጥ እንቁላል ውስጥ ሳለ፣ ነገ የሚቀጥለውን ትውልድ የሚሰጡት ሕዋሳት ከየት ተነስተው የት እንደሚደርሱ መከታተል ሥራዬ ነበር። ይህን ሁልጊዜ የማስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። የዚያን ቅዳሜ ግን የድሬ ሰው ሁሉ ይስማው ብዬ በአማርኛ አደረግሁት። ማስታወቂያውን ከከዚራ እስከ መጋላ ለጠፍን። «የዘር ሕዋሳት እንዴት ይመሠረታሉ? እንዴትስ ይጓዛሉ?» ይላል። «በዓሣ ሽል ውስጥ» የሚለው ከታች በትንንሽ ፊደል ነበር።

ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። ከልብስ ፋብሪካው ፈረቃዋን ጨርሳ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ መታወቂያዋ ገና ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ከመካከላቸው መንገድ የጠፋባቸውስ ምን ይሆናሉ?» አለች። ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ የሚያዳምጡ የመሰሉኝ ሁለት ሰዎች ተነሱ። እኔንም እሷንም ወሰዱን።

የገባንበት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ግቢ ነው። የሴቶቹ ክፍል አሁንም የነቀዘ ማሽላ ይሸታል። ፀሐይ ስትበረታ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነው።

እዚያ የጠበቀችን በመጋላ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ሴትዮ ናት። ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘው መጥተዋል። ምን አድርጌ እንደታሰርኩ ጠየቀችኝ። ስለ ዓሣ አስተምሬ ነው አልኳት። «ከሉን?» አለች በሶማሊኛ፣ ዓሣ እንዴት እንደሚዋኝ በእጇ እያሳየች። አዎ ስላት በሻሿ ጫፍ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ከዚያ፣ «በይ አባዮ፣ እህቴ፣ ለኔም አስተምሪኝ። እዚህ ሌላ ምን ሥራ አለን?» አለችኝ።

ጣቴን ውኃ እየነከርኩ ወለሉ ላይ ሣልኩላት። እናቲቱ እንቁላሏ ውስጥ ትንሽ ስንቅ ታስቀምጣለች። እንቁላሉ ሲከፋፈል ያ ስንቅ የደረሳቸው ጥቂት ሕዋሳት የዘር ሕዋስ ይሆናሉ፤ የተቀሩት ቆዳም፣ ሥጋም፣ ዓይንም ይሆናሉ። የዘር ሕዋሳቱ የሚፈጠሩት መኖሪያቸው ከሚሆነው ቦታ ርቀው ነው። ስለዚህ ይጓዛሉ። ስዕሉ በሙቀቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚደርቅ እየደጋገምኩ ሣልኩት።

የፋብሪካዋ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። በእኔ ጥያቄ ነው ይህ ሁሉ የመጣው ብላ ታምናለች። የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ ያንቺ ነው ብላትም አልሰማችኝም።

መርማሪው የከተማችን ልጅ አይደለም። በድሬ ትልቅም ትንሽም አንተ፣ አንቺ ነው የሚባባለው፤ እሱ ግን ዶክተር፣ እርስዎ እያለ በጨዋ ደንብ ነው ያስቀመጠኝ።

«የማን ዘር ነው?» አለኝ።

«የዓሣ።»

«ዶክተር፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም።»

የሕዋስ ስብሰባ ማን እንደሚጠራ፣ ማን ከየት ወደ የት እንደሚጓዝ ጠየቀኝ። ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ ዓሣ። በማግስቱ ግን ነገሩ እንደገባው ከዓይኑ ተረዳሁ። ስለ ዓሣ እንደነበር አውቋል። ግን ሰው ይዟል፤ የያዘበትን ምክንያት ለአለቆቹ ማሳየት አለበት። ያን ሰሞን ደግሞ የልጅቷ የሥራ ባልደረቦች ሥራ አቁመው፣ አንዳንዶቹ ተሰውረው ነበር።

«እርስዎ ስለ ዓሣ ተናገሩ እንበል» አለ። «ልጅቷ የጠየቀችው ግን ስለ ጠፉት ጓደኞቿ ነው። ይህችን ብቻ ይበሉኝ፤ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

ቤቴ ታየኝ። የሰባት ዓመት ልጄ ታየችኝ፤ ጎረቤት ናት፣ እናቷ ለምን እንዳልመጣች ማን ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም።

«የጠየቀችኝ ስለ ዓሣ ነው» አልኩት። «መልሱን ደግሞ አልጨረስኩላትም። ጥሯትና ፊትህ ልመልስላት።»

«አንተ» ያልኩት አውቄ ነው። ወደ ክፍሌ አስመለሰኝ።

በሚቀጥለው ጠዋት እስረኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጡን። መርማሪው መሐላችን ቆመና ልጅቷን በጣቱ እያሳየ፣ «ዶክተሯ ስላንቺ ሁሉንም ነግራናለች» አላት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጥላቻ አልነበረበትም፤ ድሮም አውቄው ነበር የሚል ድካም ነው።

ብድግ አልኩ። ጠባቂው ቁጭ በይ አለኝ። አልተቀመጥኩም።

«ቅዳሜ ለጠየቅሽኝ መልስ አልሰጠሁሽም» አልኳት፣ ግቢው በሙሉ በሚሰማ ድምፅ። «ከመንገድ የወጡት ብዙዎቹ ይሞታሉ። ዘግይተው የሚደርሱም አሉ። በመንገዳቸው ያለው ሁሉ ሥጋ ሁኑ፣ ቆዳ ሁኑ ይላቸዋል። እነሱ እምቢ ይላሉ። ከእናታቸው ስንቅ ውስጥ ያገኙት ጠባቂ እስካልተነጠቀ ድረስ ሌላ ነገር አይሆኑም። ላንቺ የምመልሰው ይህን ነው። ለዚህ ሰውዬ ደግሞ ስላንቺ አንድም ቃል አልነገርኩትም።»

ጠባቂው ክንዴን ያዘኝ። ያኔ የመጋላዋ ሴትዮ ከተቀመጠችበት ሆና መርማሪውን፣ «አቦ ተዋት፣ ትጨርስ። አንተም ትማራለህ» አለችው። ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ተነሣ። መርማሪው «ሁሉንም ወደየክፍላቸው አስገቡ» ብሎ ወጣ።

ለዚያ ንግግር ከቤት የሚመጣልኝን ምግብ ከለከሉኝ። የመጋላዋ ሴትዮ ባሪስና ሙዟን ለሦስት ከፈለችው። ልጅቷ ፊቷን ከግድግዳው አዙራ አጠገቤ መጥታ በላች። ሩዙን እያላመጠች፣ መንገዱን ማን እንደሚያሳያቸው ጠየቀችኝ። ቀድመው የተሠሩት የሰውነት ክፍሎች የሚያፈልቁት ኬሚካል አለ፣ እሱን እየተከተሉ ነው አልኳት። በጣቷ ውኃ ነክራ ራሷ ሣለችው።

ያለ ክስ ነው የለቀቁን፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከሳምንታት በኋላ እሷን፣ ከሁላችን መጨረሻ የመጋላዋን ሴትዮ። ይቅርታ ያለን የለም። ቤተ ሙከራ ስገባ ዓሣዎቼ በሙሉ ሞተው ነበር፤ ውኃውን የሚቀይርላቸው ጠፍቶ። ልጅቷን ፋብሪካው አልመለሳትም። ዛሬ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፣ ማታ ማታ ትማራለች።

ወዳጆቼ፣ «ቃሉን በእንግሊዝኛ ብትይው ኖሮ ማን ይነካሽ ነበር?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን የቢዮ አዋሌ ገበሬ ለከርሞ የሚዘራውን ማሽላ ሲመርጥ ዘር ይላል። ቃሉ የእሱ ነው፣ የእኔም ነው። ሌሎች አቆሸሹት ብዬ የምጥለው ነገር አይደለም።

ባለፈው ወር ያንኑ ትምህርት፣ በዚያው ርዕስ፣ በአማርኛ ደገምኩት። አዳራሹ አልሞላም፤ ሰው ይፈራል፣ አልፈርድበትም። የመጡት ግን ጥያቄያቸውን ጠይቀው፣ መልሱንም ሰምተው ሄዱ።