ለምለሙን የወጉ ዕለት

ዱሬቲ ተክል ደክሞ እያየች ዝም ማለት አይሆንላትም። የመቂ ሽንኩርት አምራች ልጅ ናትና እጇ አያርፍም፤ ፍግ ታለብሰዋለች፣ ውሃ ታጠጣዋለች፣ የታጨደውን ሣር መልሳ እላዩ ላይ ትበትናለች። ሽንኩርቱ በዚህ አምሮበት ኖሯል። ችግሩ፣ ከአርሲ ነገሌ ዝቅ ብሎ ሐይቅ ዳር ባለ ሎጅ የጎልፍ ሣር ተንከባካቢ ሆና ስትቀጠርም ያንኑ ማድረጓ ነው።

ሜዳው ትንሽ ነው። ዋናው ነገር ኳሷ ተንከባላ ጉድጓዷ ውስጥ የምትገባበት፣ ዘወትር የሚላጨው ሣር ነው፤ ተጫዋቾቹ «ግሪን» ይሉታል። ዱሬቲ ግን «ልጄ» ትለዋለች። ገና ባዶ አሸዋ ሳለ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናትና ማን ይፈርድባታል?

ዘንድሮ ልጇ ታመመ። ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰምጣል፣ ውሃ ያቁራል፣ ኳስ አያስኬድም፣ እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኗል። የሎጁ ባለቤት ለሥራ አስኪያጁ ለፈሪድ ቁርጡን ነገረው፦ ክረምቱ ገብቶ ካልተሻለው በሲሚንቶ ይደፈንና የሠርግ ድንኳን መትከያ ይሆናል። የፈሩት ይደርሳል፤ ሲሚንቶው ቀድሞ መጥቶ መጋዘኑ አጠገብ ተከመረ። ዱሬቲ በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

በዚህ መሐል መልካሳ በአፈር ምርምር የምትሠራው የአክስቷ ልጅ ኢፍቱ ልትጠይቃት መጣች። ዱሬቲ እንግዳዋን ቤት እንኳ ሳታስገባ በቀጥታ ወደ ግሪኑ ወሰደቻት። ኢፍቱ በቢላ አንድ ቁራጭ ቆርሳ አወጣች። ከላይ ሣር፣ ከታች አሸዋ፤ በመካከላቸው አውራ ጣት የሚወፍር ቡናማ ንጣፍ። የሞተ ሥርና አገዳ ሳይበሰብስ ተከማችቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ተኝቷል።

«ይኼ ነው ያፈነው» አለች ኢፍቱ። «ውሃም አየርም አያሳልፍም። አብልተሽ አብልተሽ ነው የጣልሽው።»

ዱሬቲ ተቆጣች፤ ከዚያ አፈረች፤ ከዚያ «መድኃኒቱን ንገሪኝ» አለች። መድኃኒቱ ማብላቱን መተው፣ ውሃውን መቀነስ፣ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር በስቶ ቡናማውን መንቀልና ቀዳዳውን በደረቅ አሸዋ መሙላት ነው። መብሻ ማሽን የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ጠፋ። ዱሬቲ ግን የምትመለስ አይደለችም፤ ነገሌ ወጥታ በያጅ ዘንድ የብረት ውሃ ቱቦ አስቆራርጣ፣ እጀታ አስበይዳ ተመለሰች። ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብላም ጎረቤቶቿን ለደቦ ጠራች። ለእህል እንጂ ለጎልፍ ሣር ደቦ ሲወጣ ማን ሰምቶ ያውቃል?

ጎረቤቶቿ መጡ፤ ግን ግሪኑ ዳር ደርሰው ቆሙ። ሽማግሌው ኦቦ ኦሊቃ የተሰጣቸውን ቱቦ መሬት ላይ አኖሩት።

«ለምለም ሣር ይዘን ነው ፈጣሪን የምንለምነው፤ ለምለም ሣር ይዘን ነው የምንታረቀው። እንዴት ብለን እንወጋዋለን፣ ልጄ?»

«ኦቦ፣ ካልወጋነው ይቀበራል» አለች ዱሬቲ። «ያፈንኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ይመርቁት፤ የመጀመሪያውን እኔ እወጋለሁ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሣር ጨበጡና «ይተንፍስ፤ ቁስሉ ይሻር፤ ሥሩ ይጽና» እያሉ መረቁ። ሰዉም በየመሐሉ «ሃ ተኡ፣ ይሁን» እያለ ተቀበለ። ዱሬቲ ዓይኗን ጨፍና ቱቦውን ተከለች። ከዚያማ ማን ይያዛቸው! እየዘፈኑ ሲወጉ፣ ሲነቅሉ፣ አሸዋ ሲሞሉ ዋሉ።

ፈሪድ ለሥራ ከሄደበት ከአዳማ ሲመለስ ግሪኑ ወንፊት ሆኖ፣ አሸዋ ለብሶ ጠበቀው።

«ዱሬቲ፣ ጨረስሽኝ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

«ዝናቡ ይፍረደን፣ አቶ ፈሪድ» አለችው፤ ንቅንቅ አላለችም።

ሣሩ አሸዋውን አልፎ ብቅ ማለት ሲጀምር ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያ ሲሮጥ እሷ ወደ ግሪኑ ሮጠች። ውሃው አላቆረም፤ እየሰረገ ወደ ታች ገባ። ዱሬቲ እዚያው ቆማ በደስታ አለቀሰች። ፈሪድ ጃንጥላ ይዞ መጥቶ ሣሩን ረገጥ ረገጥ አደረገው። አልሰመጠም። እዚያው ለባለቤቱ ደውሎ ሲሚንቶው ለመኪና ማቆሚያው እንዲሆን አስፈቀደ።

በጋ ሲገባ ግን ሣሩ ትንሽ ገረጣ። ኢፍቱ በስልክ «ደህና ነው፣ ተዪው» አለቻት። ዱሬቲ እጇን በላት፤ አካፋ ይዛ ፍጉ ወዳለበት መጋዘን ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። በመጨረሻ የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቷ ፈታ ለፈሪድ ሰጠችው።

«ብለምንዎትም፣ ባለቅስም እንዳይሰጡኝ» አለችው።