ጫማዋን የማታወልቀው ልጅ

በዚህ የልጃገረዶች የክረምት ካምፕ መኝታ ቤት እንደዚች ልጅ አንጀቴን ያሳረረኝ የለም። ጥርሷን ትቦርሻለች፣ ጸጉሯን ታበጥራለች፣ የፒጃማዋን ቁልፍ እስከ አንገቷ ትቆልፋለች፤ ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ አልጋዋ ላይ ትወጣለች። ያውም ማሰሪያውን ደርባ ቋጥራ! ጠዋት ጭቃ የጠገበውን አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ነጠላ ጫማ ሳይቀር ገዛሁላት። "እሺ እትዬ" ትላለች፤ እሺታዋ ግን ከአንገት በላይ ነው። ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀና አንሶላውን ፊት ለፊቷ ዘረጋሁት።

"ምናለበት አንድ ማታ እንኳ እንደ ሰው አውልቀሽ ብትተኚ?"

"አንድ ማታ አውልቄ ተኝቼ ነበር" አለችኝ፣ ማሰሪያዋን እያጠበቀች። "እናቴን ተከትዬ በባዶ እግሬ ከቤት የሸሸሁት ያን ሌሊት ነው።"