አክስቴ ግንባር ላይ የነበረው መስቀል

አክስቴ ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላቸው ነው። ግንባራቸው ላይ በልጅነታቸው እናታቸው ያስነቀሷቸው መስቀል ነበር። እዚህ ውጭ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ባለው ሕንፃችን ሊፍት ውስጥ ሰው አፍጥጦ ሲያያቸው፣ እኔ አፍሬ ሻሻቸውን ወደ ታች እስበው ነበር። እሳቸው ደግሞ መልሰው ከፍ ያደርጉታል።

«እትዬ፣ ሰው እያየን ነው» እላቸዋለሁ።

«ይዩና። የተነቀስኩት እኔ፣ የምታፍሪው አንቺ። እናቴ እዚያ ስደርስ በምን ትለየኛለች?»

የቀብራቸው ዕለት አስከሬን የምታሰናዳው ሴትዮ አስገብታ አሳየችኝ። በሽታ ያጠቆረውን ፊታቸውን ቀለም ቀብታ የተኙ አስመስላቸዋለች። ግን መስቀሉ የለም። ጠባሳ መስሏት በቀለሙ ሸፍናዋለች።

ከክፍሉ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። የካፖርቴን ቁልፍ ፈታሁ፣ ቆለፍኩ። ለቀስተኛው ደጅ ቆሟል፣ ሳጥኑ ሊዘጋ ነው። እኔ እንግሊዝኛዬ አይረባም፤ በአማርኛም ቢሆን ሰው ፊት መናገር አልችልም። በመጨረሻ የሴትዮዋን እጅጌ ያዝኩና በጣቴ የራሴ ግንባር ላይ መስቀል ሠራሁ። ከዚያ ወደ አክስቴ አመለከትኩ።

«ኦ፣ ሶሪ» አለችና እርጥብ ጥጥ ሰጠችኝ። ቀስ እያልኩ ስጠርገው መስቀሉ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ። ሻሻቸውን በእጄ ከፍ አድርጌ አሰርኩላቸው።

አሁንም ሊፍት ውስጥ ስገባ እጄ አያርፍም፤ ከጎኔ ሻሽ ይፈልጋል። እትዬ፣ ዛሬ ቢሆን ወደ ታች አልስብብዎትም ነበር።