የእናቴ አንገት

እንጅባራ ላይ «ማንነታችን» የሚል የሥዕል ዐውደ ርእይ ሊከፈት ነው ሲባል እናቴን ሣልኋት። ቤቷ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። አንገቷ ላይ ቡጢ የሚያህል እንቅርት አለ፤ እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው። ሰው ሲጠይቃት «እልልታዬን የማስቀምጥበት ነው» ትላለች፤ እውነትም በሰፈሩ ያለ እሷ እልልታ የደመቀ ሠርግ የለም። ሸፍናው አይቻት አላውቅም። ስለዚህ እንዳለች ሣልኋት፤ ከሸራው ሁሉ ብዙ የደከምሁት እዚያ አንገት ላይ ነው።

አዘጋጁ፣ እሱም ሠዓሊ ነኝ ባይ ነው፣ ሥዕሉን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«እህቴ፣ እጅሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን የተከበረ እንግዳ ይመጣል። ይህን ነገር አጥፊው።»

«ይህን ነገር» ያለው የእናቴን ሥጋ ነው። አላጠፋም አልሁት። ሥዕሉን ተቀብሎኝ ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው የተስማማ መስሎኝ ሄድሁ።

በመክፈቻው ቀን እናቴን በባጃጅ ይዣት መጣሁ፤ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ሥዕሉ ፊት ደረስን። አዘጋጁ በሥዕሉ አንገት ላይ ባለጥለት ነጠላ ሥሎበታል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እንደ ንፍጥ ወደ ታች ተዝረክርኳል። ያ ሰውዬ እንግዶቹን አስከትሎ መጥቶ ስለ አገር እናት ኩራት ያብራራል፤ እነሱም ያጨበጭባሉ። ትፍ ማለት አማረኝ። እናቴን «እንኳን ደህና መጡ» ሲላት እንኳ ዐይኑን ከአንገቷ ያሸሽ ነበር።

እናቴ ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ የራሷን ነጠላ ጫፍ ሳብ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ነውር ኖሯል እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

መሐረቤን አውጥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያንን ቀለም ከሸራው ላይ ጠረግሁት። ሰውዬው «ኧረ ተይ» እያለ ላብ ባራሰው እጁ ያዘኝ፤ የነካኝን ቦታ ቤት ገብቼ ደጋግሜ ታጠብሁት። እንቅርቱ ከሥር እንደ ነበረ ወጣ።

«እይው እማዬ፣ ያው አንቺ ነሽ» አልኋት።

አየችው። በባጃጅ ስንመለስ ግን ነጠላዋን አንገቷ ላይ በእጇ እንደያዘች ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ሠርግ ነበር። እናቴ አንገቷን ሸፍና ጥግ ተቀመጠች፤ እልል ያለው ሌላ ሰው ነው።