ጎረምሶቹ አይጦችና የልጄ ጥድፊያ

ሱሉልታ፣ ሰፈሬ ውስጥ ሥራዬን የማያውቅ የለም። "የአይጥ ሞግዚት" ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ውሸት አይደለማ! በየጠዋቱ በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግሬ አዲስ አበባ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጥ ስመግብና አይጥ ስመዝን እውላለሁ።

ያን ሰሞን የምንሠራው በጎረምሳ አይጦች ላይ ነበር። የምንፈትንበት ሳጥን ውስጥ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱን ሲጫኑት አንዲት የመኖ ፍሬ ወዲያው ዱብ ትላለች። ሌላውን ከተጫኑ ጥቂት ጠብቀው ብዙ ያገኛሉ። ያደጉት አይጦች ይጠብቃሉ። ጎረምሶቹ ግን፣ ወይ ጣጣ! ብዙውን ጊዜ አንዷን ፍሬ ላፍ ነው። በዚያ ዕድሜ መታገሥ ለምን እንደሚከብድ ነበር የምናጠናው።

እቤት ደግሞ የራሴ ጎረምሳ አለችልኝ። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ማለዳ ማለዳ ከሰፈራችን ሯጮች ጋር ትሮጣለች። አንድ ደላላ እየደወለ መውጫ መግቢያ አሳጣት። "ትምህርቱን ተይውና በዚህ ወር ውጭ አገር የጎዳና ሩጫ ላስገባሽ" ይላታል። አሰልጣኟ ደግሞ ቃላቸው አንድ ነው፤ "ገና ነሽ።" እሷም ከደላላው ጋር ለመሄድ ቆረጠች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ተጣድፋ የሄደች አንዲት የቡራዩ ልጅ ጉልበቷን ተጎድታ ባዶ እጇን ስትመለስ አይቻለሁ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብላት፣ "እማ፣ እኔ አይጥሽ አይደለሁም!" ብላ በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችብኝ። ደሜ ፈላ። እኔም የአፌን ተናገርኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ሥራ ስገባ አንዱ ሳጥን ውስጥ ጎረምሶቹ ጭራሽ ብሶባቸዋል። ያቺ ትንሽ ትዕግሥታቸው እንኳ የለችም። ታመው ይሆን ብለን ስንደናገጥ፣ ለካስ አንዲት ትንሽ አምፑል ተቃጥላለች! አይጡ ብዙውን ምግብ መርጦ እስኪመጣለት ድረስ በርታ የምትቆይ አምፑል ናት፤ "እየመጣልህ ነው" እንደ ማለት። ቀየርናት። ሲለምዷት እንደ ቀድሞው መጠበቅ ጀመሩ፤ በጎረምሳ ዐቅማቸው ማለቴ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ። ልጄን ሁላችንም ጠብቂ እንላታለን፤ ምን እየመጣላት እንደሆነ የነገራት ግን ማን አለ? ቤቴ ሳልገባ ወደ አሰልጣኟ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸውና ሳልቀመጥ ፈነዳሁ። "ገና ነሽ፣ ገና ነሽ! እስከ መቼ ነው? ቁርጡን ይንገሯት እንጂ!"

ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ ሳቁ። "ጎበዝ ልጅ እኮ ናት። ፈተናዋን ትጨርስ፤ ክረምቱ ሲወጣ ከትልልቆቹ ጋር ላሠራት አስቤያለሁ።"

"ታዲያ ይህን ለምን አልነገሯትም?"

"እንዳትኮራ ብዬ ነዋ! ልጅ ፊት ለፊት ይመሰገናል እንዴ?"

በስመ አብ! ልጄ ከእጄ ልትወጣ ነው፣ እሳቸው እንዳትኮራ ይፈራሉ። ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ዕቅዳቸውን ሊነግሯት፣ በየሳምንቱም ምን እንዳሻሻለች ሊያሳዩዋት ቃል ገቡልኝ።

በማግስቱ ከልምምድ ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። ክው አልኩ። "እማ" አለችኝ፣ "እኔ እኮ ‹ገና ነሽ› ሲሉኝ አትረቢም ማለታቸው መስሎኝ ነበር።" ወይኔ ልጄን! ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ይዛው ስትሮጥ ነበር።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ደላላው ነው። አነሳችውና "ፈተና አለብኝ፤ ይቅርብኝ" ብላ ዘጋችው። እኔ እዚያው ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። "እማ፣ ምን ሆንሽ?" ብላ ደንግጣ መጣች። "ምንም" አልኳት፤ "እፎይ ልበል፣ ተይኝ።" አጠገቤ ቁጭ አለችና ላቧ ሳይደርቅ ጭኔ ላይ ጋደም አለች። ትንሽ ልጅ እያለች ነበር እንደዚያ የምታደርገው።