የታቹ ብሎን ይጠብቃል

ታላቅ ወንድሜ የሞተው ከአምስት ሳምንት በፊት፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በርና መስኮት ሲሠራ ኖሯል። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ግን መጋዝ አልነካም። ሰው ሲጠይቀው «እጄ ከዳኝ» ይል ነበር። እጁ አልከዳውም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጀልባዋን ያገኛት ከአንድ የዓሣ መጋዘን ጀርባ፣ ጎኗ ተሰንጥቆ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋባት ነው። ሁለት በር ሠርቶ በለውጥ አመጣት። ወርክሾፑ ጓሮ በአራት በርሜል ላይ አስቀምጦ ሦስት ዓመት ለፋባት። የበሰበሰውን ሳንቃ እየነቀለ ልኩን በጋዜጣ ይወስዳል፤ አዲሱን በእንፋሎት አለስልሶ ያጎብጣል፤ መጋጠሚያውን ቅጥራን የነካ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍግ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቱ በያጅ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ይቺ ጀልባ ውሃ ሳታይ ልትሸብት ነው» አለ።

«አንተ ሳታገባ ሸብተህ የለ? እሷን ተዋት!»

«እኔን ማን በቅጥራን ጠግኖኝ!»

ወንድሜ ስቆ ወደ እኔ ዞረ። «ዩኒቨርሲቲ፣ ሰምተሻል? መዝግቢው።» ከቤቱ ልጆች የተማርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ስሜ ያ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ።

ጀልባዋ ውሃ ልትገባ አንድ ሳምንት ሲቀራት ሞተር ሊያመጣ ለሁለት ቀን ሄደ። የቀረውን ሥራ ከካርቶን ቁራጭ ላይ በአናጢ እርሳስ ጽፎ ተወልኝ። እሱ ሲጽፍ «አድርጊ» ብሎ አያዝም፤ ነገሩ የሚሆነውን ነው የሚጽፈው። «የግራው ሳንቃ ይላጋል። ስንጥቁ ይደፈናል። የታቹ ብሎን ይጠብቃል።»

ሳንቃውን ላግሁ፣ ስንጥቁን ደፈንኩ፣ ብሎኑን ተውኩት። እኛ ዘንድ ፊርማ የጎደለው ፋይል ሽፋን ላይ «ይጠብቃል» ተብሎ ይጻፋል፤ ይቆይ፣ ማንም እንዳይነካው ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያን ቃል «ብ»ን አጥብቄ ሳነብ ስለኖርኩ ሌላ ንባብ አልመጣልኝም። ወንድሜ ግን ሲጽፍ በልቡ አላልቶታል። በመፍቻ ይጥበቅ ማለቱ ነበር። ፊደሉ አንድ ነው።

ሲመለስ «ዝርዝሩስ?» አለኝ።

«አልቋል፣ ጋሼ።»

«ብሎኑ?»

«እንዳልከው ነው።»

«ተባረኪ» አለ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም። እኔ ከሠራሁት አያጣራም ነበር።

ጀልባዋ ውሃ የገባች ቀን ልጁ ከፊት ተቀመጠች፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዳር ብዙም ሳይርቁ ውሃው ከታች ፈንቅሎ ገባ። በያጁ በሌላ ጀልባ ደርሶ ሁለቱን ሲያወጣቸው ልጅቷ ራሷን አታውቅም። ጀልባዋ እዚያው ሰጥማ ቀረች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቤ ተቀመጠ። «አንቺማ ብሎኑን አጥብቀሽዋል» አለኝ። «ቀዳዳውን አስፍቼ የበሳሁት እኔ ነኝ።»

የገባኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ። ነርሷ መጥታ ልጅቷ ነቃች ስትለን እሱ ሮጠ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ ልጅቷ ከሆስፒታል ትውጣ አልኩ፤ ከዚያ ፈተናዋን ትጨርስ፤ ከዚያ እሱ ትንሽ ይረጋጋ። ሰበብ አጥቼ አላውቅም።

እሱ ግን መላጊያውንም መሮውንም ለበያጁ ሰጠ። ደንበኛ ሲመጣ «ደግሞ የሰው በር ሠርቼ በሰው ላይ ይውደቅ?» ብሎ ይመልሳል። አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ሚስቱ ልብሱን ስትለይ ላግዛት ሄድኩ። «ሐኪሞቹ ሳንባው ነው ይላሉ» አለችኝ። «እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እሱ የሰመጠው ያን ቀን ነው።»

ነገርኳት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን፣ እኔ ያነበብኩትን፣ ኮሪደሩ ላይ ያለኝን፣ አንዱንም ሳልዘል።

የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ገበታ ላይ አብረሽው እየበላሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ወንበር ሲነቃነቅ እንኳ ሚስማር መምታት ፈርቶ ጎረቤት ሲጠራ እያየሽ…» አልጨረሰችውም። ወደ ጓዳ ዞራ ልጇን ጠራች። «ነይ እስቲ፣ አክስትሽ የምትነግርሽ አላት።»

«አንቺ ንገሪልኝ» አልኩ።

«አልነግርም። በራስሽ አፍ።»

ልጅቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። ለእሷም ነገርኳት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አባዬ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው?»

«አዎ» አልኳት። «ልነግረው እችል ነበር።»